ወንድሜ አውድማ ላይ ወድቆ ሞተ፤ የአስከሬን ምርመራውን ወረቀት የሚያስረዳኝ ሰው አለ?

የመንዟ እህት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጽሑፌ ረጅም ነው፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የሰው ሕይወት አለበት።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን መንዝ፣ ከሞላሌ በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ መንደር ነው። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ገብስ ሲያበራዩ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ በሬዎቹን እየነዳ በአውድማው ዙሪያ ሲሮጥ ጅራፉን እንደያዘ በግንባሩ ተደፋ። አባባ አደናቅፎት መስሎት «ተነሥ እንጂ» አለው። አልተነሣም። ውሃ ረጩበት፣ ስሙን ጠሩት። በአፉ አረፋ ደፈቀ። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ቃሬዛው ላይ አለቀ። ታሞ አያውቅም፤ ኩንታል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ልጅ ነበር።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ጠዋት ወደ አውድማው ሲያልፍ ጎረቤታችን ጠርቶት ጠላ ጠጥቶ ነበር። ከሰውየው ጋር አባባ በድንበር ሲካሰሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው፣ አምና በሽማግሌ ታርቀዋል። ገናዦቹ ሲያጥቡት ደግሞ ጀርባው በሙሉ በልዞ አገኙት። በቃ፣ መንደሩ እዚያው ፈረደ፤ «አብልቶ ገደለው፤ ይኸው ደሙ ከውስጥ ፈላ» ተባለ። ፖሊስ አስከሬኑ አዲስ አበባ ሄዶ ይመርመር አለ። አባባ «ልጄን አላስቀድድም» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ተንበርክኬ ያስፈቀድሁት እኔ ነኝ። እማዬ እስካሁን በሙሉ ዓይኗ አታየኝም።

ወረቀቱ የደረሰኝ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። በአንድ መስኮት «ፈርመሽ ውሰጂ» ተባልሁ እንጂ ማንም አላስረዳኝም። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ታናሽ እህቴ መዝገበ ቃላት ይዛ ሁለት ሌሊት ለፍታ እንዲህ ብላ አወጣችው፦ የልብ ክብደት 540 ግራም። የልብን ቀኝና ግራ የሚለየው ግድግዳ ውፍረት 24 ሚሊሜትር። የልብ ጡንቻ ክሮች አሰላለፋቸው የተዘበራረቀ። ሳንባ ውሃ ያዘለና የከበደ። የአጥንት ስብራት የለም። ከጨጓራ፣ ከጉበትና ከደም በተወሰደው ናሙና መርዝ አልተገኘም።

ይህን ቤት ውስጥ ሳነብ ወንድም ጋሼ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ልቡን ያሳበጠው መርዙ ነዋ!» ምንሽሩን ከአጎታችን ቤት አምጥቶ ከራስጌው አድርጓል። ጎረቤታችን ቤቱን ጥሎ ጣርማበር ዘመድ ጋ ገብቷል። የገብሱ ክምር ሳይወቃ ቆሟል፤ ሚስቱ ውሃ የምትቀዳው ሰው ሳይነሣ በሌሊት ነው።

እሑድ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። መርዝ ልብን እንዲህ ያደርገዋል? ያ ብልዘትስ ምንድን ነው? አረፋውስ? ፊታቸው ቆሜ ምን ልበላቸው?

ጠባሴ ሰፈር

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ስለ ልቡ የሚያውቁ ይመልሱልሽ፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ።

በውርጩ ወራት እዚሁ ደብረ ብርሃን የዘመዴ ልጅ ከጓደኛው ጋር በተከራዩት ክፍል ሞተው ተገኙ። ማታ አንዲት ሴት ቤት በልተው ነበርና ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ምግብ ቤቷ ለቀናት ተዘጋ። ሲመረመሩ ቆዳቸው እንደ ሞተ ሰው አልገረጣም፤ ቀላ ብሎ፣ የተኛ ሰው መስሎ ነበር። ደማቸው ውስጥ የተገኘው የከሰል ጭስ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት። ለካ ማንደጃውን አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍነው ነበር የተኙት። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሐኪሙ እንደነገረን ይህ ጋዝ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ነው።

ያቺ ሴት ውጤቱ በተነገረ ቀን ስታለቅስ አይቻለሁ። ሳይመረመሩ ተቀብረው ቢሆን ዕድሜዋን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ነበረች። አንቺ ተንበርክከሽ ያስፈቀድሽው ትልቅ ነገር ነው።

አንኮበሬዋ

የኔ እህት፣ ነፍስ ይማር። የምሠራው ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ ለበሽታ የሚመረመርበት ማለት ነው፤ 14 ዓመት ሆነኝ። የወንድምሽን ስላይድ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን የሥጋ ናሙና፣ እኔ አላየሁትም፤ የጻፍሽውን ይዤ ነው የምናገረው። ያ ወረቀት ግን ብዙ ይናገራል፤ የሚያነብለት ሰው ማጣቱ ያንገበግባል።

ከልቡ ልጀምር። የአንድ ጎልማሳ ወንድ ልብ ከ300 እስከ 350 ግራም ቢመዝን ነው። የወንድምሽ 540 ነው። ያ ግድግዳ በጤነኛ ሰው ከ12 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የእሱ እጥፍ ሆኗል። ወንድም ጋሼሽ «አበጠ» ያለው ተሳስቶ ነው። ያበጠ ነገር ውሃ ወይም ደም ይቋጥራል። ይህ ግን ሥጋው ራሱ፣ ጡንቻው ነው የወፈረው። ለሽማግሌዎቹ በሚያውቁት ንገሪያቸው፦ የበሬ ጫንቃ በአንድ ጠዋት ቀንበር ይደድራል? ዓመታት ይፈልጋል። ጠዋት የተጠጣ ጠላ አራት ሰዓት ላይ የልብን ግድግዳ እጥፍ ሊያደርግ አይችልም። መርዝ በሰዓታት ይገድላል፤ ጡንቻ ለማወፈር ጊዜ የለውም። (ምሳሌው ለጊዜው ርዝመት ብቻ ነው። ሥራ አበዛበት ማለቴ አይደለም፤ አባትሽ «እኔ ነኝ በሥራ የገደልሁት» እንዳይሉ አደራ።)

ሁለተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ «የተዘበራረቀ» የሚለው ቃል ነው። ከልቡ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ፎርማሊን በሚባል ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ሰም ውስጥ ይገባል፤ ሰሙ ሲጠነክር ከፀጉር በብዙ እጥፍ በሳሳ ቅጠል ይቆረጣል፤ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ይቀባና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ውጤቱ የዘገየባችሁ በከፊል በዚህ ነው። የጤነኛ ልብ ጡንቻ እንደ ተደረደረ ነዶ ነው፤ ዛላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን። በዚህ በሽታ ግን በሬ የረገጠው አውድማ ይመስላል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተሻግሮ። ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ በእንዲህ ዓይነት ጡንቻ ሲያልፍ መንገድ ይስታል። ሰውየው ሲሮጥ፣ ሲደክም፣ ልቡ ሲፈጥን ድንገት ምቱ ይናወጣል፤ ደም መርጨት ያቆማል። በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ጅራፉን እንደያዘ ማለት ይኸው ነው። በሐኪሞች አጠራር ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል።

ጠንካራ ልጅ ነበር ብለሻል። ካሜሩናዊው ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎኤ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ፣ ሊዮን ሜዳ ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት ማንም ሳይነካው ወድቆ ሲሞት 28 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ምርመራ ቁርጥ ያለ ምክንያት አልሰጠም፤ ሲደገም ነው ይኸው የልብ በሽታ የተገኘው። ከ500 ሰው አንዱ ግድም ይህ ነገር አለበት፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ።

ብልዘቱ። ሰው ሲሞት ልብ ደም መግፋቷን ታቆማለች፤ ደሙ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። በጀርባው የተኛ አስከሬን ጀርባው ይጠቁራል፤ ከመሬት ወይም ከሳንቃ ጋር የተጫነው ቦታ ግን፣ ትከሻና መቀመጫው ላይ፣ ነጣ ብሎ ይቀራል። በሞተ በሁለት ሰዓት ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲሆነው ቢያገላብጡትም አይለቅም። ገናዦቹን ጠይቂያቸው፤ ትከሻውና ዳሌው ላይ ነጭ ቦታ አላዩም? ዱላ ያበለዘው ቢሆን ሲከፈት ደሙ ሥጋው ውስጥ ፈስሶ ይገኝ ነበር። በሞት ብልዘት ግን ደሙ ከደም ሥሩ አልወጣም።

አረፋውም ከዚያ አይርቅም። ልብ ስትደክም ሳንባ ውሃ ይሞላል፤ ውሃውና አየሩ ሲላቆጡ አረፋ ይሆናሉ። «ሳንባ የከበደ» የተባለው ይኸው ነው። የተባይ መድኃኒት ጠጥቶ የሞተም አረፋ ይደፍቃልና ሰዎቹ መጠርጠራቸው አይገርመኝም። ነገር ግን እንዲያ የጠጣ ሰው ቀድሞ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ላብና ለሃጭ ያጠምቀዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። የነቀዝ ኪኒን የዋጠም ሲያስመልስና ሲጨነቅ ሰዓታት ይቆያል። ወንድምሽ ሲሮጥ ነው የወደቀው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ ይህን ሳትመልሽልኝ እንዳትተኚ። በቤተሰባችሁ ሌላ በድንገት የሞተ ወጣት አለ? ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ ራሱን የሚስትስ?

ሸዋሮቢት 07

አንኮበሬዋ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የማይገኝ መርዝ አለ ይባላል። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነው እንዴ?

አንኮበሬዋ

ጥሩ ጠየቅህ። አይደለም። ላቦራቶሪ የሚያገኘው የፈለገውን ነው፤ ሁሉንም መርዝ የሚያይ አንድ መሣሪያ የለም። ወረቀቱ «መርዝ አልተገኘም» ብቻ ብሎ ቢያቆም ኖሮ እኔም እንዲህ በድፍረት አልናገርም ነበር። እዚህ ግን የሚገድል በሽታ ተገኝቷል፤ በዓይን የታየ፣ በሚዛን የተመዘነ። አሟሟቱም ከበሽታው ጋር ገጠመ።

ደግሞ ምርመራ መርዝ ሲኖር መርዝ አለ ይላል። ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ፣ ጉበታቸው እየተበላሸ ይሞቱ ነበር፤ በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው። ዓመታት ከፈጀ ምርመራ በኋላ የተጠረጠረው ከእህሉ ጋር አብሮ የሚታጨድ የአንድ አረም መርዝ ሆነ። አጀራተም ይባላል፤ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥር የሚጎዳ ነገር በውስጡ አለ። መርዙ እውነት ነበር። መራዥ ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምለው ለክርክር አይደለም። ልጅ ሳለሁ አንኮበር አክስቴ በወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ገንፎ ይዛ ተቀምጣ፣ «ትንፋሽ አጠረኝ» አለችና ሞተች። «ቡዳ በላት» ተብሎ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ከነልጆቿ ከመንደሩ ወጣች። ገንቦዎቿ ደጃፏ ላይ ሲሰበሩ ቆሜ አይቻለሁ፤ እኔም ድንጋይ ወርውሬያለሁ። አሁን ሳስበው የአክስቴ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ነበር። በአራስነት እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል፤ አሟሟቷ እሱን ይመስላል። ይመስላል እንጂ ነው ማለት አልችልም፤ ሳትመረመር ተቀብራለች። ያቺን ሴት ዛሬ ባገኛት የምሰጣት ወረቀት የለኝም። እህቴ፣ አንቺ ግን ወረቀት አለሽ።

ዲያቆን ዘይፋት

ለእናታችን አንድ ቃል። ከምርመራ የተመለሰ አስከሬን ጸሎተ ፍትሐት ሲደርስለት ቆሜ አገልግያለሁ፤ ካህናቱ ያጎደሉበት ነገር አልነበረም። የልጃቸው ሥጋ የተነካው እውነት ለማውጣት ነው። የሚያምኑት የንስሐ አባታቸው ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው፤ ከአንቺ አፍ ሲሰሙት ሐዘን ያበረታባቸዋል።

የመንዟ እህት

አንኮበሬዋ፣ ጥያቄሽን ካነበብሁ ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል። የአባባ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ሳልወለድ፣ ጨው ተሸክሞ ከቆላ ሲወጣ ዳገቱ ላይ ወድቆ ቀረ። 25 አልሞላውም። «መጋኛ መታው» ነው ሲባል የሰማነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ደግሞ 13 ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ክረምትና መስከረም ላይ ኳስ ሲጫወት ሁለት ጊዜ ወድቆ ነቅቷል። ጠበል ወሰዱት። ምሳ ሳይበላ ነው የሚጫወተው ብለን ተውነው።

አንኮበሬዋ

ስሚኝ። ይህ በሽታ በዘር ይወርዳል። ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን ሊተው ይችላል፤ ይዞትም ሳይታወቅ ሊያስረጅ ይችላል። አባትሽ ምንም ሳይሰማቸው ለልጆቻቸው አስተላልፈውት ይሆናል። ይህን ስትነግሪያቸው ጥፋት እንዳይመስላቸው ተጠንቀቂ።

ልጁ ከዛሬ ጀምሮ አይሩጥ፣ ኳስ አይጫወት፣ ሸክም አይሸከም፣ ውሃ አይጥማው። ነገ እናቱ ጋ ደውዪ። የልብ ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ፤ ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፤ «አጎቱ በዚህ ሞቷል» በሉ። ኢሲጂ እና ኢኮ ያነሡታል። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወረቀት ላይ የሚያወጣ ምርመራ ነው። ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ አያምም፣ አይወጋም፤ ያችኑ ግድግዳ በሕይወት ሳለ ይለካታል። ቢገኝበት የልቡን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፤ አደጋው ለጠናበት ደግሞ ደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ አለ። ከዚያ አንቺም፣ ወንድም ጋሼም፣ እህቶችሽም፣ አባትና እናትሽም በየተራ ታዩ።

ወንድም ጋሼሽን በዚህ ያዢው። ጎረቤቱን ከገደለ ወኅኒ ነው፤ የእህቱን ልጅ ማን አዲስ አበባ ያደርስለታል?

የመንዟ እህት

የዘገየሁት አገር ቤት ስለነበርሁ ነው፤ መረብ የለም። ለጸለያችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወረቀቱን አነበብሁ። የበሬውን ጫንቃ ስናገር አንዱ አዛውንት «ይኸ ልክ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከገናዦቹ አንደኛው ተጠይቆ «አዎ፣ ትከሻው ላይ መዳፍ የሚያህል ነጣ ያለ ነበረ፤ ያኔ ልብ አላልሁትም» አለ። አባባ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ወንድሜም በዚሁ ነው የሞተው?» አላውቅም፣ ሳይመረመር ነው የተቀበረው፣ ሊሆን ግን ይችላል አልሁት። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ወንድም ጋሼ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ሄደ። ምንሽሩ ግን ማታ ወደ አጎታችን ቤት ተመልሷል፤ ማን እንደመለሰው አልጠየቅሁም። ማክሰኞ አባባ ሁለቱን በሬዎቻችንን አስነድቶ ወደ ጎረቤታችን አውድማ ላከ። ክምሩ ሥሩ ሻግቶ ነበር፤ ከላይ ያለውን አበራይተውላቸዋል። ሰውየው ገና ከጣርማበር አልተመለሰም። ሚስቱ ግን በቀን ውሃ ስትቀዳ አይቻታለሁ።

እማዬ አሁንም ብዙ አታናግረኝም። ትናንት ስመለስ በሶ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ልጁን ደብረ ብርሃን አምጥቼዋለሁ፤ እኔ ጋ ነው ያለው። ኳሱን ደብቄበት አኩርፏል። ኢኮው የሚነሣው ሐሙስ አዲስ አበባ ነው። ረቡዕ ከሰዓት እንወርዳለን፤ 130 ኪሎ ሜትሩን ይዞን የሚሄደው ወንድም ጋሼ ነው፤ ራሱ ነው ልሂድ ያለው። አንኮበሬዋ፣ ሐኪሙን ልጠይቀው የሚገባኝን ጻፊልኝ፤ ወረቀት ላይ ገልብጬ እይዘዋለሁ።